በልጅሽ ወንበር ላይ

ሰኞ

ይህን ደብተር የሰፋሁት ከማተሚያ ቤቱ ቁርጥራጭ ወረቀት ነው። ገጾቹ እኩል አይደሉም። እኔም በየቀኑ እኩል የምለው ነገር ስለማይኖረኝ እንስማማለን።

ምርጫው ስለደረሰ ማሽኑ ከጠዋት ጀምሮ አያርፍም። የእኔ ሥራ ቀላል ነው። ከማሽኑ የሚወጣውን የመጀመሪያ ወረቀት አነባለሁ፤ ስህተት ካየሁ በቀይ እከብባለሁ፣ ካላየሁ «ይሂድ» እላለሁ። እኔ «ይሂድ» ሳልል ማሽኑ አይነሳም። ይህ ቃል ድሮ የባለቤቴ ነበር። እሱ ፊደል ለቃሚ ነበር፣ የእርሳስ ፊደል እየለቀመ ገጽ የሚደረድር፤ የተበላሸውን ወረቀት እሳት ማያያዣ እንዲሆነኝ ወደ ቤት ያመጣልኝ ነበር። እኔ ደግሞ ምን እንደሚል ሳላውቅ አላቃጥለውም ብዬ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለየሁ፣ በግማሽ ገጽና ቀለም በተደራረበበት ወረቀት ላይ ማንበብ ተማርኩ። መጨረሻቸውን የማላውቃቸው ብዙ ታሪኮች ዛሬም ጭንቅላቴ ውስጥ አሉ።

ዛሬ ከአንዱ ተወዳዳሪ ቢሮ አንድ ወጣት መጣ። መነጽር ያደርጋል፣ ጫማው አቧራ አይዝም። የማሽን ነጂያችን ስሙ ጫጫታ ነው፤ ማሽኑ ቆሞም ቢሆን እየጮኸ ነው የሚያወራው። እንግዳውን ገና ከበር ሲያየው «ባለ መነጽሩ መጣ!» አለ፤ ሰምቶት ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ስሙ ግን ያው ሆኖ ቀረ።

ባለ መነጽሩ ብዙ ዓይነት ወረቀት ይዟል። አንዱ ስለ አውቶቡስ ማቆሚያ ነው፣ ሌላው ስለ ገበያው፣ ሌላው ስለ ቧንቧ ውሃ፣ ሌላው ስለ ትምህርት ቤት። ከሁሉም ጥቂት ጥቂት ይታተምልኝ አለ።

«ለምን አንዱን መርጠህ ደህና አድርገን አናትምልህም?» አለው አለቃችን።

«የትኛው እንደሆነ ገና አላወቅሁማ። ሐኪም ሆድ ሲነካካ አይተው አያውቁም? እዚህ ያምሃል? እዚህስ? እያለ ይሄዳል። ሰውየው 'ወይኔ!' ያለ ቦታ ላይ ጣቱን ያቆማል።»

«ከዚያ መድኃኒት ይሰጠዋል» አለ ጫጫታ።

ባለ መነጽሩ ሳቀ።

ረቡዕ

የአውቶቡሱና የገበያው ወረቀት መንገድ ላይ ተጥሎ ይረገጣል። በረጅሙ መንገድ ስመጣ በዓይኔ አየሁት። (በረጅሙ ነው የምሄደው፤ ለጉልበቴ ጥሩ ነው።) የትምህርት ቤቱን ወረቀት ግን የጣለ የለም። ሰው አንብቦ፣ አጣጥፎ ኪሱ ይከተዋል። ባለ መነጽሩም ይህንኑ አይቶ ኖሮ «በቃ፣ እዚህ ጋ ነው» እያለ መጣ።

ምሳ አብሮን በላ። ጫጫታ አፉን ሞልቶ ጠየቀው፤ «እኔ የምለው ጌታው፣ የእናንተ ሰውዬ ስለ ትምህርት ቤቱ ምን ሊሠራ ነው ያሰበው?»

«እሱን ገና አልወሰንንም።»

ሁላችንም ሳቅን። ቀልድ መስሎን ነበር። እሱ ግን ዳቦውን አስቀምጦ ቀስ ብሎ አስረዳን። «መልስ ብሰጣቸው ይከራከሩኛል። ጥያቄ ብሰጣቸው ግን ራሳቸው ይመልሱታል። ሰው የራሱን መልስ አይከራከርም፤ ቤቱ ይዞት ይገባል፣ ከሚስቱ ጋር ያድርበታል።»

ዕድሜዬን ሙሉ ከጽሑፍ ጋር ኖሬ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ሥራዬን ስሠራ የእሱ ነገር ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ለካ የጥያቄ ምልክቱ ጫፍ ላይ ያለው መንጠቆ ለዚህ ኖሯል።

ሐሙስ፣ ማታ

ቤቱ ተኝቷል። ምራቴም፣ የልጅ ልጄ ድንቡሼም። ልጄ ከባድ መኪና ይነዳል፤ ከሄደ ሳምንታት ሆነው፣ ከመንገድ ነው የሚደውለው። ዛሬ የሆነውን የምነግረው ሰው ስለሌለ እዚህ ልጻፈው።

የትምህርት ቤቱ ወረቀት በአዲስ መልክ መጣ። «በአካባቢያችን ለሚታየው የመቀመጫ እጥረት መንስኤው ማን ነው?» ይላል። ስህተት የለውም። ግን «ይሂድ» ከማለቴ በፊት ፊቴ ተኮሳትሮ ኖሮ ባለ መነጽሩ አየኝ።

«ምነው እናቴ፣ የፊደል ግድፈት አለው?»

«ግድፈትስ የለውም። ግን ማን ያነበዋል ልጄ? የቢሮ ደብዳቤ ይመስላል።»

«እርስዎ ቢሆኑ እንዴት ይሉታል?»

ለድንቡሼ ሁልጊዜ የምላትን አልኩት። የቤት ሥራዋን ስትጽፍ «ለሁሉ ሰው አትጻፊ፣ ለአንድ ሰው ጻፊ፤ ፊትሽ እንደቆመ አድርገሽ» ነው የምላት። ቀዩን እስክሪፕቶ አነሳሁና ጠርዙ ላይ ጻፍኩ፦

*በልጅሽ ወንበር ላይ ማን ተቀምጧል?*

ባለ መነጽሩ መነጽሩን አወለቀ። ያለ መነጽር ሳየው ልጅ ነው፣ የእኔን ልጅ ያህል። ወረቀቱን አንስቶ ወደ ዓይኑ አስጠጋው። ከዚያ ከንፈሩ ሳይከፈት ሳቀ።

«እናቴ፣ 'ይሂድ' ይበሉ እንጂ።»

«ይሂድ» አልኩ።

ደስ አለኝ፤ ለምን እደብቃለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ከእጄ ወጥቶ ማሽኑን ሲያስነሳው ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ደግሞስ ማንንም አይሰድብ፣ የማንንም ስም አያነሳ። የቢሮ ቋንቋውን አቀናሁ እንጂ ሌላ ምን አደረግሁ?

ቅዳሜ

ወረቀቱ ጎረቤቴ ባለሱቋ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ሳሙና ልገዛ ገብቼ ሳየው ልጁን አደባባይ እንዳየ ሰው ሆንኩ።

«አዩልኝ እትዬ?» አለችኝ ባለሱቋ በእጇ እየመታችው። «በመጨረሻ እውነቱን የሚናገር ተገኘ!»

«የቱን እውነት?»

«ልጆቻችን ቦታ ያጡት በማዶዎቹ ነው ይላል እኮ!»

አነበብኩት። አይልም። ራሴ የጻፍኩትን ደግሜ አነበብኩት፤ «ማዶ» የሚል ቃል የለበትም።

«ወረቀቱ እኮ ጠየቀ እንጂ…»

«ይጠይቅ! መልሱ ፀሐይ አይደል?» አለችና ሳሙናዬን ጠቅልላ ሰጠችኝ።

ከተማችንን ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። ማዶ ያሉት የሚናገሩት የእኛኑ ቋንቋ ነው፤ ቃሉን መጨረሻው ላይ ትንሽ ይጎትቱታል እንጂ። በዚያ በኩል ሥራ ስለሌለ ድልድዩን እየተሻገሩ ይመጣሉ፣ ይሠራሉ፣ ይጋባሉ። ምራቴ የማዶ ልጅ ናት። ባለሱቋ በምራቴ ሠርግ ላይ እስኪነጋ ጨፍራለች።

ሳሙናውን ይዤ ወጣሁ። ከፍርሃትም በላይ ግርምት ያዘኝ። የጻፍኩት ጥቂት ቃል ነው፤ እሷ ያነበበችው ሙሉ መጽሐፍ ነው። የቀረውን ማን ጻፈላት?

ማክሰኞ

ችኮላ ላይ ነኝ። ታክሲ ተራው ላይ ዛሬ ሁለት ሰልፍ ነበር። ማንም ተከፈሉ ያለ የለም፤ ምልክትም የለም። እንዲሁ ሁለት ሆነው ቆመዋል። ታክሲው ግን ያው አንድ ነው።

ሐሙስ

ምራቴ ፀጉር ቤት ነው የምትሠራው። ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ገባች።

«ምነው በጊዜ?»

«የከተማው ሴት ሁሉ መላጣ ሳይሆን አልቀረም እማዬ፤ ፀጉር የሚሠራ ጠፋ።» ሳቀች። ቦርሳዋን አስቀምጣ ጫማዋን ሳታወልቅ ብዙ ቆየች። «ከእኔ ውጭ ያሉት ግን ሥራ በዝቶባቸዋል» አለች በመጨረሻ።

ምን ልበላት? «ያልፋል፣ ምርጫ ነው» አልኳት።

«ስንቱ ሲያልፍ አይተሻል?» አለችኝ።

የልብ ጥያቄ ነበር፣ ክፋት አልነበረበትም። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ያልወደቀ ነገር ከወለሉ ላይ ማንሳት ጀመርኩ።

እሑድ

እራት ቀርቦ ድንቡሼ አትቀመጥም። ቆማ ትበላለች።

«ቁጭ በይ እንጂ የኔ ጉድ፣ ምግቡ እግርሽ ውስጥ ገባ እኮ» አልኳት።

«ወንበሩ የማን ነው?»

«የማን ይሆናል? ያንቺ ነዋ!»

«ክፍል ውስጥም የእኔ መስሎኝ ነበር። ልጆቹ 'በማን ወንበር ላይ ነው የተቀመጥሽው?' አሉኝ። ጨዋታ ነው። እናቷ የማዶ ሰው የሆነች ልጅ ትቆማለች። እኔ ግን ግማሽ ስለሆንኩ እስከ እረፍት ተቀምጬ ከእረፍት በኋላ ነው የቆምኩት።»

ይህንን ስትናገር አላለቀሰችም። የጨዋታውን ሕግ እያስረዳችኝ ነበር፤ ግማሽ ቀን ስለተፈቀደላትም ኩራት ቢጤ ነበረባት።

ምራቴ መብላቷን አቆመች። ልጇን አላየችም። እኔን ነው ያየችኝ። ለምን እኔን እንዳየችኝ አልገባኝም።

ወረቀቱ ላይ ያለው ዓረፍተ ነገር ከእጄ ወጥቶ፣ ማሽን ዞሮ፣ ከተማውን አዳርሶ፣ በቤቴ በር ገብቶ እራት ቀረበ። ይህን ሁሉ መንገድ ያለ እግር እንዴት ሄደው?

ሰኞ

ባለ መነጽሩን ማተሚያ ቤት በር ላይ ጠበቅሁት።

«ልጄ፣ ያንን ወረቀት አትመልሰውም?»

«የትኛውን እናቴ?»

«ታውቀዋለህ።»

አሳዘንኩት መሰለኝ፣ ክንዴን ያዝ አደረገኝ። «እናቴ፣ አሁን እኮ ወረቀቱን ብናቃጥለው ለውጥ የለውም። ወረቀት ላይ የለም። ሰው አፍ ላይ ነው ያለው።» ከዚያ በእውነተኛ አድናቆት፣ ሽንገላ በሌለበት ድምፅ «እኛ ቢሮ ውስጥ እኮ ስንት የተማረ ተሰብስቦ ያላገኘውን ቃል ነው ያገኙት» አለኝ።

ቢረግመኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ማታ

ስለ ረጅሙ መንገድ።

ከቤቴ ወደ ማተሚያ ቤቱ አጭር መንገድም አለ፤ በሰማያዊው በር በኩል። ወደ ድልድዩ የሚወስደውም እሱ ነው። ልጄ ትምህርት ቤት ከገባበት ዓመት ጀምሮ በዚያ አልፌ አላውቅም።

በሰማያዊው በር ውስጥ አንዲት ልብስ ሰፊ ትኖር ነበር፣ ከማዶ የመጣች። ለልጄ የመጀመሪያውን የትምህርት ቤት ልብስ የሰፋችለት እሷ ናት። ያኔም ምርጫ ነበር፤ ያኔም ሰው ሁሉ ፊቱን ቋጥሮ ነበር የሚሄደው። እኔ ቧንቧው ጋ ተራ ስጠብቅ፣ ሴቶቹ ወሬ አልቆባቸው ዝም ሲሉ፣ ለጨዋታ ያህል «የዚያች ሴት መብራት ሌሊቱን ሙሉ የማይጠፋው ለምንድን ነው?» አልኩ። ይኸው ነው። ስለ መብራት ጠየቅሁ። ሰው ስለ መብራት ቢጠይቅ ምን አለበት?

ትምህርት ቤት ሊከፈት ጥቂት ቀን ነበር የቀረው። የሰፈሩን ልጆች ሁሉ ልብስ እየሰፋች ነበር። ይህን ማን የማያውቅ አለ? የእኔም ልጅ ልብስ እዚያው መብራት ሥር ነበር። ሰፈሩ ግን ለጥያቄዬ ሌላ መልስ አገኘለት።

ስትሄድ ማንም አላየም። ጠዋት በሩ ክፍት ነበር፤ የስፌት መኪናዋ ግቢው ውስጥ ተገልብጦ ዝናብ ይመታዋል። የልጄ ልብስ ግን አልረጠበም። አጣጥፋ፣ በወረቀት ጠቅልላ፣ ከእኛ በር ታዛ ሥር አስቀምጣልን ነበር የሄደችው። እጅጌውና ግርጌው ሲያድግ የሚለቀቅ ትርፍ ጨርቅ ነበረው።

ባለቤቴ ስለዚያ ቤት አንድም ቀን አላነሳብኝም። እስኪሞት ድረስ አላነሳብኝም። የልጁን ልብስ ግን፣ ልጁ ባደገ ቁጥር፣ ግርጌውን እየፈታ ራሱ ነበር የሚያስረዝመው። ለእኔ ሰጥቶኝ አያውቅም።

ረጅሙ መንገድ ለጉልበት ጥሩ ነው።

ረቡዕ

ወሰንኩ። የድንቡሼን ወንበር፣ እራት ስትበላ የምትቀመጥበትን፣ አንስቼ ትምህርት ቤት ወሰድኩት። የራሷ ወንበር ካላት ማንም ተነሺ አይላትም ብዬ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ወንበር ተሸክሜ ስሄድ ሰው ዞር ዞር እያለ ያየኛል፤ አንዱ ጎረምሳ «እማማ፣ ሲደክምዎት ይቀመጡበት!» አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በሩ ላይ አስቆመኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ወንበር።»

«እሱንማ አየሁት። ለምን?»

«እጥረት አለ ስለተባለ።»

ሰውዬው አፍጥጦ አየኝና የቁልፍ ዘለላውን ከቀበቶው ፈታ። «ይምጡ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት።» ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ወዳለው መጋዘን ወሰደኝና በሩን ገፋ አደረገው። ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም፤ ከውስጥ የሚገፋው ነገር ነበር።

ወንበር። ከወለል እስከ ጣሪያ ወንበር። እግራቸው ተቆላልፎ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተጭኖ፣ አቧራ ለብሶ፤ መስኮቱን ሸፍነውት ብርሃን በእግሮቻቸው መሃል ነው የሚገባው። አንዳንዱ ላይ ላስቲኩ እንኳ አልተነሳም።

«ባለፈው ዓመት ነው የመጡት» አለ ዘበኛው። «ማስቀመጫ አጥተን እዚህ አጎርናቸው። ችግራችን ወንበር አይደለም እኮ፤ ችግራችን የአስተማሪ ነው።»

«ይህን ለምን ለሰው አትናገርም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

እዚያ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ትልቅ ወንዝ ወይም የተራራ ጫፍ ሲያዩ ሰዎች ቃል ያጥራቸዋል ይባላል። እኔ ቃል ያጠረኝ አቧራ የለበሰ የወንበር ክምር ፊት ነው። ሰዎች ሰልፍ ለዩ፤ ሴቶች ፀጉር ቤት ቀየሩ፤ አንዲት ሕፃን ቆማ ትማራለች። ይህ ሁሉ ሲሆን ወንበሮቹ እዚህ ጨለማ ውስጥ ተቃቅፈው ተቀምጠዋል።

ወንበሬን ይዤ ተመለስኩ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ አንድ ሰው ካሜራ ይዞ ቆሟል። ልብ አላልኩትም።

ዓርብ

የመጀመሪያው ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። ፎቶ አለበት። አንዲት ጥቁር ነጠላ የለበሰች አሮጊት፣ ትንሽ ወንበር በትከሻዋ ተሸክማ፣ ከትምህርት ቤቱ በር ስትወጣ። ፊቷ የወደቀ ነው። ይህች ምን ሆና ነው ብዬ አዘንኩላት፤ ከዚያ ነው ራሴን ያወቅሁት።

ከሥሩ የተጻፈው፦ *እኚህ አያት ለልጃቸው ልጅ ወንበር ይዘው ሄዱ። ለምን ይዘው ተመለሱ?*

ሐሰት የለበትም። አንድም ቃል ሐሰት የለበትም። ወንበር ይዤ ሄጃለሁ፤ ይዤ ተመልሻለሁ። ባለ መነጽሩ ጎበዝ ነው። ለአንድ ሰው መጻፍን ተምሯል።

አለቃችን ከጀርባዬ መጣ። «እትዬ፣ ይሂድ?»

እስክሪፕቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ስህተት አለው?»

«የፊደል ስህተት የለውም።»

«እንግዲያው ይሂድ ይበሉ፣ ሰዓት ሄደ።»

ቀዩን እስክሪፕቶ ከፍቼ መጋዘኑ ሞልቷል ብዬ ጠርዙ ላይ ጻፍኩ፤ ዘበኛውን ጠይቁ፣ ሄዳችሁ እዩ ብዬ ጻፍኩ። አለቃችን አነበበው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ባለቤቴ ሲሞት ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ነው። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ሌላ ንጹሕ ወረቀት አነሳ።

«እትዬ፣ እኛ እኮ አታሚዎች ነን» አለኝ።

«እኔ 'ይሂድ' አላልኩም።»

ጫጫታ እጁን ማሽኑ ላይ አድርጎ አንዴ እኔን፣ አንዴ አለቃውን ያያል። እንደዚያ ዝም ብሎ አይቼው አላውቅም። አለቃችን ቀና ሳይል «ይሂድ» አለ።

ማሽኑ ተነሳ።

ባለቤቴና እኔ ስንት ዓመት ይህን ቃል አልን! ያለ ቃላችን እንደማይነሳ ነበር የማምነው። ለካ ለማንም ይነሳ ኖሯል። ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ። ጫጫታ እስከ በሩ ተከተለኝና፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሹክሹክታ፣ «እትዬ፣ እኔም ልጆች አሉኝ፣ ይፍረዱኝ እስቲ» አለኝ። ምን ብዬ እፈርድበታለሁ።

ቅዳሜ

ምራቴ ሻንጣ አዘጋጅታለች። ትንሿን ሻንጣ፤ ትልቁን አልነካችም። ይህን ልብ አልኩ።

«እናቴ ጋ እንሄዳለን እማዬ። ልጅሽ መንገድ ላይ ደውሎ 'እስኪበርድ' ብሎኛል።»

«መቼ ይበርዳል?»

«አንቺ ትነግሪኛለሽ ብዬ ነበር» አለችኝ።

ድንቡሼ ወንበሬን ይዤ ካልሄድኩ ብላ አለቀሰች። ለዚህ ነው ያለቀሰችው፤ ለሌላው አላለቀሰችም።

«እኔ እሸከምላታለሁ» አልኩ።

እሑድ

ነገ ምርጫ ነው። ይህን የምጽፈው ማዶ ሆኜ ነው።

ትናንት ምራቴ ሻንጣውን፣ እኔ ወንበሩን ይዘን ወጣን። እሷ በአጭሩ መንገድ አቀናች። እኔ ቆምኩ። «ምነው?» አለችኝ። «ምንም» አልኩና ተከተልኳት። በሩ ዛሬም ሰማያዊ ነው፤ ቀለሙ ተላልጦ ሥሩ ያለው እንጨት ይታያል። አንድ የማላውቀው ሰው መስኮቱን እያጸዳ «እንዴት ዋላችሁ» አለን። ይኸው ነው። ስንት ዓመት ዞሬ የሸሸሁት ቤት «እንዴት ዋላችሁ» አለኝ።

ድልድዩ መሃል ላይ ትንፋሽ አጥሮኝ ወንበሩን አወረድኩ። ድንቡሼ ተቀመጠችበት፤ ወንዙን እያየች እግሯን ታወዛውዛለች። አሁን ነው መናገር ያለብኝ አልኩ። «ልጄ፣ ያ ወረቀት…» ብዬ ጀመርኩ።

«አውቃለሁ እማዬ።»

«ምኑን ታውቂያለሽ?»

«ግድግዳ ላይ ያየሁት ቀን ነው ያወቅሁት። ልጄን የቤት ሥራ ስታሠሪያት እሰማሽ የለ? 'ለአንድ ሰው ጻፊ፣ ፊትሽ እንደቆመ' እያልሽ። ሳነበው ፊቴ የቆምሽ መሰለኝ።»

«እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ትነግሪኛለሽ ብዬ።»

ይህች ልጅ ይህን ሆዷ ውስጥ ይዛ በየማለዳው ደህና አደርሽ ስትለኝ ኖራለች። ሻሼን አጥባልኛለች። የጉልበቴን ቅባት ገዝታልኛለች። ከዚህ በላይ የሚያስደንቅ ነገር በየትኛው ገጽ አንብቤ አውቃለሁ? በየትኛውም።

ማዶ ስንደርስ የምራቴ እናት ቤት መታጠፊያ ላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ወረቀት ተለጥፏል። የሌላው ተወዳዳሪ ነው፤ ምልክቱ ሌላ፣ ቀለሙ ሌላ። ጽሑፉ ግን፦ *በልጅሽ ወንበር ላይ ማን ተቀምጧል?*

ቀረብ ብዬ አየሁት። በወረቀቱ ግራ ጠርዝ ቀጭን ግራጫ መስመር አለች፤ የእኛ ማሽን የምትተዋት፣ ጫጫታ ስንት ጊዜ ሊጠግናት ሞክሮ ያቃተው። እዚያው በእኛው ማተሚያ ቤት፣ እኔ ባልነበርኩበት ሰዓት ነው የታተመው። እዚህ ደግሞ መልሱ እኛ ነን ማለት ነው።

የምራቴ እናት በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ልጇን አቀፈች፣ ድንቡሼን አቀፈች። እኔ ወንበሩን እንደተሸከምኩ ቀረሁ። ብዙ አየችኝ። ፊቷ ላይ ሁሉም ነበር፤ የነገሯት ሁሉ።

«ያን ቃል ያወጣሽው አንቺ ነሽ አሉ።»

«እኔ ነኝ።»

«ጠየቅሁ እንጂ አላልኩም» ማለት እችል ነበር። አፌ ላይ ነበር። ዋጥኩት።

ወንበሩን ከትከሻዬ አውርዳ ድንቡሼን አስቀመጠቻት። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ከአልጋው ሌላ ያለው አንድ በርጩማ ነው፣ እሷ ራሷ የምትቀመጥበት። ሄዳ አመጣችው። በቀሚሷ ጫፍ አቧራውን ጠረገችለትና ፊቴ አስቀመጠችው። እሷ ቆማ ቀረች።

«ተቀመጪ» አለችኝ።

የዕድሜዬን ጽሑፍ ሁሉ ሳስብ እንዲህ አጭር፣ እንዲህ ለአንድ ሰው ብቻ የተባለ ቃል ትዝ አይለኝም።

ተቀመጥኩ።